ለባሪቶን የተተወው ቦታ

አሁን አምበር በምትባል ትንሽ ከተማ መምህር ነኝ። ሙዚቃና ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የማርሽ ባንድ ሰባት ዓመት ኖታ ገልባጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናገር አንዱ ባልደረባዬ፣ «እኔ ገልባጭ የማውቀው መኪና ነው» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሥራው ምን እንደነበረና ለምን እንደተውኩት ግን ለማንም በቅጡ አስረድቼ አላውቅም። ማስረዳት ደግሞ የምወደው ነገር ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ማርሽ ባንድ በመንገድ ሲያልፍ የሚያይ ሰው የሚሰማው አንድ ሙዚቃ ነው። ነፊዎቹ ግን የሚያነቡት አንድ ወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ አለው፤ «ድርሻ» እንለዋለን። የትራምፔቱ ድርሻ ላይ የትሮምቦኑ ኖታ የለም፤ የትሮምቦኑም ላይ የክላሪኔቱ የለም። ዜማውን ለየመሣሪያው ማከፋፈል የአቀናባሪው ሥራ ነው። የተከፋፈለውን በየወረቀቱ አጥርቶ መጻፍ የገልባጩ ነው። የእኛ አቀናባሪ ጋሽ ይበልጣል ነበሩ፤ ገልባጫቸው እኔ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለባንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ሥራዬ መሣሪያ ማስፈረምና የተሰበረውን መመዝገብ ነው። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ የነበረውም የሚባልለት አልነበረም። አንድ ቀን ጋሽ ይበልጣል መዝገቤን ገልጠው አዩና «ይቺ ልጅ መስመር አትስትም» ብለው ወደ ክፍላቸው ወሰዱኝ።

ጋሽ ይበልጣል በልጅነታቸው ዲማ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከዚያ ወታደር ቤት ገብተው ክላሪኔት ተማሩ፤ በጡረታ ሲወጡም እኛን ያዙ። ኖታ የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች የሚያሰምሩበት ዘዴ ነበራቸው። አምስት የእስክርቢቶ ቀፎ እኩል አራርቀው በፕላስተር ጠምደው፣ ማስመሪያ አስደግፈው በአንድ ጊዜ ይስባሉ። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ እንደታረሰ መሬት ትልም ይዘረጋሉ። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ በቀለም ያጸኑታል። ሳያንጎራጉሩ በቀለም የጻፉት አንድም ኖታ አላየሁም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከድርሻው ራስጌ የሚጽፉት ነገር ነው። ሌላ ቦታ «ሁለተኛ ትራምፔት» ተብሎ የሚጻፈውን እሳቸው «ለእንየው» ብለው ይጽፉታል። ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ትራምፔት ይተነፍሳል?» አሉኝ።

«አይተነፍስም።»

«እንየው ግን ይተነፍሳል። እኔ የምጽፈው ለሚተነፍሰው ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ደብረ ማርቆስ ደጋ ነው፤ ዳገት እየወጡ መንፋት ትንፋሽ ይጨርሳል። ጋሽ ይበልጣል የእያንዳንዱን ሰው ደረት ያውቁታል። ማን የቱ ጋ አየር እንደሚያጥረው አስበው በድርሻው ላይ የትንፋሽ ምልክት ያደርጋሉ። እንየው የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበረ ከፍ ያለ ኖታ አይሰጡትም። ለጋሽ አለባቸው ግን ረጅሙንና ከባዱን ሁሉ ይሰጧቸዋል።

ጋሽ አለባቸው ባሪቶን ነፊ ነበሩ። ባሪቶን ከትራምፔት የሚወፍር፣ ከቱባ የሚቀጥን፣ ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ጉሮሮ የሚመስል የናስ መሣሪያ ነው። እሳቸውም እንደ መሣሪያቸው ሰፊና ለስላሳ ሰው ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ኖታ አያነቡም፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስኮት ሲሰሙ ኖረው የባላቸውን ድርሻ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ባንዳችን ለቀብር የሚነፋው አንድ ማርሽ ነበረው፤ ጋሽ ይበልጣል ራሳቸው የደረሱት። ዙሩ ሁለት ነው። በሁለተኛው ዙር ላይ ለእያንዳንዱ ነፊ አንድ የብቻው ቦታ አለ፤ እሱ ብቻ ይነፋል፣ ትልቁ ከበሮ ይረግጥለታል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ያርፋል። የጋሽ አለባቸው ቦታ ስምንት ባር ነው። ባር ማለት ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የታጠረ እኩል ጊዜ ነው፤ በዚህ ማርሽ አንዱ ባር ሁለት እርምጃ ያስኬዳል። ስለዚህ ጋሽ አለባቸው ዐሥራ ስድስት እርምጃ ብቻቸውን ይነፋሉ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንዳደረጉት ስጠይቃቸው ጋሽ ይበልጣል ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«አንድ ቀን ሰውየው ሲጎድል እንዲታወቅ።»

ልማዱ ይህ ነበር። ከባንዱ አንድ ሰው ሲሞት የእሱ ድርሻ ይነሳል። መሣሪያው ጥቁር ጨርቅ ታስሮበት በሰልፉ መካከል ሰው ይሸከመዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ የሟቹ ቦታ ሲደርስ ከበሮው ብቻ ይሄዳል። ቤተሰቡ በዚያ ዝምታ ይሰናበተዋል። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ሁለት ጊዜ ሆኗል።

በስድስተኛ ዓመቴ አዲስ አበባ የሚሠራ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አንድ ፕሮግራም በፍላሽ ሰጠኝ። ዜማውን አስገባለሁ፤ ያሉንን መሣሪያዎች ከዝርዝር እመርጣለሁ፤ አንድ ቁልፍ እነካለሁ። ጋሽ ይበልጣል ሦስት ቀን የሚፈጅባቸውን በአንድ ደቂቃ ለሁሉም አከፋፍሎ ለኅትመት ያቀርበዋል። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ጠራኋቸው። ነፊዎቹም ተከትለዋቸው ገቡ።

ጋሽ ይበልጣል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ቀርበው አዩ። በዚያን ጊዜ ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮት ነበር።

«ጎበዝ ነው» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁኝ። «እንየው ጥርሱ እንደወለቀ ያውቃል?»

«ኧረ ጋሼ!» አለ እንየው ከኋላ። «ጥርሴን ለአገሩ ሁሉ አውርተው ጨረሱ፣ አሁን ደግሞ ለኮምፒውተር!»

«አንተ ዝም በል። ከፍ ያለ ኖታ ሲሰጥህ መጥተህ የምታለቅሰው እኔ ላይ ነው።»

«ይማራል ጋሼ» አልኳቸው። «ለእያንዳንዱ ሰው ወሰን አበጅለታለሁ። ከዚህ በላይ አትስጠው ስለው አይሰጠውም።»

አደረግሁትም። ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ የሁሉም ስም፣ የሚችለው ከፍተኛና ዝቅተኛ ኖታ፣ የትንፋሹ ርዝመት በየዓምዱ ገባ። ጋሽ አለባቸው ትከሻዬ ላይ አጎንብሰው «ለእኔስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ።

«ትንፋሹ አያልቅም ብዬ።»

«እባክሽ እሱን ለጥሩወርቅ ንገሪልኝ። ዳገት በወጣን ቁጥር ታለከልካለህ እያለች ታሳጣኛለች።»

ፕሮግራሙ ሌላም የወደድኩለት ነገር ነበረው። ከነፊዎቹ ብዙዎቹ ገጠር እርሻ ስላላቸው በአጨዳ ጊዜ ይቀራሉ። ድሮ ሰው ሲቀር ሙዚቃው ያነክስ ነበር። አሁን ግን ከቀረው ሰው ስም ፊት ያለውን ምልክት ሳነሳ ፕሮግራሙ የእሱን ኖታ ለተገኙት ያከፋፍልልኛል። ክፍተት አይኖርም። ይህን ምርጫ አንድ ጊዜ ከፈትኩት፤ ሁልጊዜም ክፍት ሆኖ ቀረ።

በኅዳር ይጁቤ ከተማ ለአንድ ምረቃ ተጠርተን ሦስት ነፊ ጎድሎብን ሄድን። ሙዚቃው እንደ ሙሉ ባንድ ሆነ፤ ሰው አጨበጨበ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጋሽ ይበልጣል አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሦስት ሰው ጎድሎ ማንም አላወቀም» አሉ።

ምስጋና መሰለኝ። «አዎ ጋሼ፣ ድንቅ አይደለም?» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጋሽ አለባቸው የሞቱት በመጋቢት ነው። ጠዋት ለሥራ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ ወደቁ፤ ቤተሰቡ ሐኪም ቤት ሳያደርሳቸው አለፉ። ቀብራቸው ለማግስቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ይበልጣል ለቅሶ ቤት ከእትዬ ጥሩወርቅ አጠገብ መቀመጥ ስለነበረባቸው የማርሹን ወረቀት የማዘጋጀቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። የእሳቸው ዓይንም በዚያን ጊዜ ኖታ የሚለየው በጣም ካስጠጉት ብቻ ነበር።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ይህን መጻፍ የምፈልገው ማንም «አልነገሯትም» እንዳይል ነው። በጽሞና ተቀመጥኩ። ማርሹን ከፈትኩ። ከጋሽ አለባቸው ስም ፊት ያለውን ምልክት አነሳሁ። ለባሪቶን ተብሎ ዕረፍት ብቻ ያለበት አንድ ባዶ ገጽ ለብቻው አተምኩ፤ መሣሪያቸው ላይ በመቆንጠጫ እንዲያዝ ነው። ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አየሁት። ከላይ እስከ ታች ዝም ያለ፣ ንጹሕ ገጽ ነበር። ራስጌው ላይ በእጄ «ለጋሽ አለባቸው» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ የሌሎቹን ድርሻ አትሜ፣ በስማቸው ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ በካኪ ፖስታ ከተትኩ።

የሌሎቹን አላነበብኳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በድሮው አሠራር የሟቹን ወረቀት ማንሳት ብቻውን ይበቃ ነበር። የሌሎቹ ወረቀት አይነካም፤ ስለዚህ ዝምታው ማንም ሳይደክምበት በራሱ ይመጣል። በአዲሱ አሠራር ግን ዝምታውን እኔ ማዘዝ ነበረብኝ፤ አንድ ምርጫ መዝጋት ብቻ ነበር። በእጅ የተጻፈው አሮጌ ማርሽ ደግሞ ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ ርቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ራሴ ቁጥር ሰጥቼ ያስቀመጥኩት።

ሰልፉ ከቤታቸው ተነስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ያዘ። ባሪቶኑን የተሸከሙት ጋሽ ይበልጣል ነበሩ። ጥቁሩ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ባዶው ገጼ ተቆንጥጦበታል። እትዬ ጥሩወርቅን ሴቶች ደግፈዋቸው ከባንዱ ኋላ ይከተላሉ። ማለዳ ለቅሶ ቤት ጋሽ ይበልጣል እንዲህ ሲሏቸው ሰምቻለሁ፤ «ጥሩወርቅ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉም ዝም ይላል። ከበሮው ብቻ ነው የሚቀረው። ያ አለባቸው ነው። አዳምጪው።»

አንደኛው ዙር አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። እትዬ ጥሩወርቅ ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው፣ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ ሲያደርጉ አየኋቸው። ቦታው ደረሰ።

ትሮምቦኑ ገባ። ቀጥሎ ክላሪኔቶቹ ተቀበሉት። ስምንቱ ባር ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ አንዲት ክፍተት አልነበረችም። ያምር ነበር። ጋሽ ይበልጣል ባሪቶኑን እንደታቀፉ እርምጃቸውን ሳያዛንፉ ሄዱ፤ አገጫቸው ብቻ ወረደ። የቀብር ሰልፍ አይቆምም። እኔም በመንገዱ ዳር ባዶውን ፖስታ ይዤ ሄድኩ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ጋሽ ይበልጣልን አስጠሯቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

«ጋሽ ይበልጣል፣ ዝም የሚለው የቱ ጋ ነበር? እኔኮ አልሰማሁትም።»

ጋሽ ይበልጣል ወደ እኔ አልዞሩም። «ለቅሶው በዝቶብሽ ነው፣ ጥሩወርቅ» አሏቸው።

«ይሆናል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ይሆናል፤ ስጮህ አልፎኝ ነው።»

አፌን ከፍቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ክፍላችን ስገባ ጋሽ ይበልጣል የትሮምቦኑን ድርሻ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ይዘዋል። እንየውም በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ መቼም ትራምፔት ነኝ፣ አልደረሰኝም» አለ። «እነሱ ግን አዲስ ኖታ ሲያገኙ ጋሼ የጨመሩት መስሏቸው ነው። ለቅሶ ላይ ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?»

«ጋሼ» አልኩ፣ «ምልክቱን ሳነሳ ፕሮግራሙ…»

«አውቃለሁ። ግማሹን ለትሮምቦን፣ ግማሹን ለክላሪኔት ሰጠው። አከፋፈሉም ጥሩ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማከፋፍለው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እሱ አለባቸውን አያውቀውም፤ አይፈረድበትም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር።

ፕሮግራሙን ልወቅስ አልችልም። ክፍተት እንዳይኖር ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ እሱም አላስቀረም። ዛሬም ለተማሪዎቼ አሠራሩን አሳያለሁ። ነገር ግን ከዚያን ቀን በኋላ ወረቀት ባተምኩ ቁጥር የሁሉንም ድርሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላንጎራጉር አልሰጥም ነበር። ሥራው በደቂቃ ያልቃል መባሉ ቀረ። አለቆቻችን አዘገየሽ አሉኝ፤ አልተከራከርኳቸውም።

ጋሽ ይበልጣል ከፋሲካ በኋላ መምጣት አቆሙ። ልጃቸው ባሕር ዳር ስለምትኖር ወሰደቻቸው። በሄዱበት ቀን አምስቱን የእስክርቢቶ ቀፎ በእጄ አስያዙኝ።

«ቀለሙ አልቋል፤ ቀፎውን ትለውጪዋለሽ» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለጥሩወርቅ ዋሽቻታለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው። ተመልሼ እንዳልነግራት ደግሞ ድፍረቱ የለኝም።»

ከወራት በኋላ ሥራውን ለቀቅሁና አምበር ተቀጠርኩ።

የጋሽ አለባቸው ሙት ዓመት ካለፈ ከሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኮኩ ዛፍ አጠገብ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ።

«ትርንጎ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? አምበሮች አያበሉም እንዴ?»

ተቀመጥኩ። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በቅደም ተከተል። ሁሉም ጠፋኝ። ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ምልክቱ፣ ሳላነብ ስላተምኳቸው ወረቀቶች እንደመጣልኝ ተናገርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ መልቀማቸውን አላቆሙም።

«እንግዲያ ዝምታው አልነበረም?»

«አልነበረም እትዬ።»

«ጆሮዬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት። የመጨረሻውን ነገር ሲነግረኝ እኔ ጮኼ አላዳመጥኩትም እያልኩ። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር ተናገርኩ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው፣ ‹ይህ ኃጢአት አይደለም ልጄ› አሉኝ። ከልቤ ግን አልወጣም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ፣ አንቺ ልጅ?»

እዚያው አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላባበሉኝም።

የቀረውን ምስር ለቅመው ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጡት።

«በይ እንግዲህ አሰሚኝ።»

«ባንዱ እኮ…»

«ባንዱን ምን አደርገዋለሁ። አንቺ ታውቂው የለም ወይ?»

አጠገባችን ያለችው የእንጨት ዱካ ላይ በጣቴ የከበሮውን ምት ጀመርኩ፤ ማርሹን በአፌ አንጎራጎርኩ። አንደኛውን ዙር ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጀመርኩ። የባሪቶኑ ቦታ ሲደርስ አፌን ዘጋሁ፤ ጣቴ ብቻ ቀረ። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጋሽ አለባቸው ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ ላይ አሳረፉ። ዐሥራ ስድስቱን እርምጃ ቆጠርኩ። አለቀ፤ ወደ ቀጣዩ ልገባ ትንፋሼን ስስብ እጃቸውን አነሱብኝ።

«ቆይ» አሉኝ፤ «ገና ነው።»

ጣቴን አላቆምኩም።